የተሰፋ መታወቂያ

ቆዳ ሰፊው ከሊፋ አንድ አመል አለበት፤ የተዘጋ ነገር ካየ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይገምት አያድርም። ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ ሲመጣለት፣ እንደ አንዳንድ ባለጌ፣ ባለቤቷ ዞር እስክትል ጠብቆ አይበረብርም፣ እሱስ ጨዋ ነው። ግን በእጁ መዘን ያደርገዋል፣ ወደ አፍንጫው ያስጠጋዋል፣ ነቅነቅ አድርጎ ያዳምጠዋል። «ይሄ የመምህር ነው፣ ጠመኔ ጠመኔ ይላል» ብሎ ለራሱ ይፈርዳል። ፍርዱ ልክ ይሁን አይሁን ግን በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ አጣርቶ አያውቅም። ለምን ያላችሁኝ እንደሆነ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ የሚጀምረው ወሎ፣ ሐይቅ አጠገብ ነው።

አባቱ እዚያ ቆዳ ሰፊ ነበሩ። ለሼኩም ለደብተራውም እኩል ይሰፉ ነበር፤ ሥራቸውም በአብዛኛው ክታብ ነው። የተጻፈው ወረቀት ተጣጥፎ ይመጣል፣ እሳቸው በቀይ ቆዳ ጠቅልለው አራቱንም ጎን ይደፍኑታል፣ ማንጠልጠያ ያበጁለታል፣ ባለቤቱም አንገቱ ላይ አስሮት ይሄዳል። ከሊፋ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አንዱን በወስፌ ፈልቀቅ አድርጎ ሊያይ ሲል እጅ ከፍንጅ ተያዘ። አባቱ አልገረፉትም። እጁን ይዘው «ስማ ልጄ፣ ሰፊ አያነብም» አሉት። «ሰው ጉዳዩን አምጥቶ የሚሰጥህ አትከፍተውም ብሎ ነው። አንዴ የከፈትክ ቀን ከእንጀራህም ከስምህም ወጣህ።» ከሊፋ ዛሬ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ያቺ ቃል እስካሁን ትከተለዋለች።

አዲስ አበባ የገባው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ቦርሳ ሠሪ ዘንድ ተቀጠረና ዘመኑ የፈለገውን ሁሉ ሲሰፋ ኖረ፤ የዘበኛ ቀበቶ፣ የሬዲዮ ልባስ፣ የሴት ቦርሳ፣ ኋላም የሞባይል ማኅደር። ከዚያ የፕላስቲኩ ዕቃ ገበያውን አጥለቀለቀውና ቀበቶ የሚያሰፋ ሰው ጠፋ። አሁን ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ ከአንዱ ብሎክ ደረጃ ሥር፣ በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ሱቅ አለችው፤ ጫማ ይጠግናል፣ ዚፕ ይቀይራል። በሩ ላይ ስልክ ቁጥሩ በነጭ ቀለም ተጽፏል።

ሚስቱ ነፊሳ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። አንድ ልጁ አማል ሐዋሳ አግብታ ትኖራለች፣ ዓርብ ዓርብ ማታ ትደውልለታለች። የቀበሌ መታወቂያው ላይ «በአደጋ ጊዜ ተጠሪ» የሚለው መስመር ግን ዛሬም ነፊሳ ነው የሚለው። ሊያሳድስ ሲሄድ ወረዳ ያለችው ልጅ «ተጠሪዎ ማን ይባል?» ብትለው «እንዳለ ይሁን» አላት። እሷም ምን ቸገራት፣ እንዳለ ገለበጠችው። አደጋ ቢደርስበት እንግዲህ ማን ዘንድ ሊደወል እንደሆነ አላህ ይወቀው።

ሻምበል የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሻምበል ድመት ነው። ግራጫ፣ ደረቱ ነጭ፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የተቆረጠ፣ አረማመዱ የክብር ዘብ የሚጎበኝ የሚመስል። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ማለዳ ሱቋ ውስጥ ዘው አለ፣ ጥግ ጥጉን ዞሮ ፈተሸ፣ ጉድለት ያገኘ ይመስል ከሊፋን ገላመጠውና ቁርጥራጭ ቆዳው ላይ ተኛ። ስሙን ያገኘው ያን ዕለት ነው። በማግስቱም በዚያው ሰዓት መጣ። ከሊፋ ከሉካንዳው ሳንባ እያመጣ በቆርቆሮ ክዳን ያቀርብለት ጀመር። ለራሱ ምሳ ሽሮ አዝዞ ለድመት ሳንባ የሚገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፣ ይሄውላችሁ።

ታዲያ ሻምበል አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ብድግ ብሎ ይሄዳል። ሰላም ዋል የለ፣ ደህና እደር የለ። የት ነው የሚያድረው? ይቺ ጥያቄ ከሊፋን እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ትቆረቁረው ነበር። አንድ ቀን አላስችል አለውና ወስፌውን አስቀምጦ ተከተለው። ድመቱ ደረጃውን እየተጎማለለ ወጣ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ገርበብ ያለ በር ገፋ። «ዳኛው፣ መጣህልኝ?» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ። ከሊፋ ደረጃው ላይ ድርቅ ብሎ ቀረ፤ ሆድ ባሰው፣ በዚህ ዕድሜ በድመት ሆድ ይብሰኛል ብሎም አስቦ አያውቅም። ሌባ ይመስል በጣቱ እየተራመደ ወረደ።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ መቅደላዊት ናቸው። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ባል ያላገቡ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ጆሯቸው ደከም ያለ፣ ንግግራቸው ግን እንደ ማኅተም ጥርት ያለ ሴት ናቸው። ከሊፋ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸው በሱቋ ደጃፍ ሲያልፉ ባየ ቁጥር ሻምበልን በእግሩ ወደ መቀመጫው ሥር ገፋ ያደርገዋል። የሰረቀው ነገር የለ፤ ድመቱ በእግሩ ነው የመጣው። ግን ቢያውቁ በራቸውን ይዘጉበታል፣ ሻምበልም ይቀርብኛል ብሎ ፈራ።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት ኖረ። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት የግቢው ኮሚቴ ማስታወቂያ ለጠፈ። ለባለፈው በዓል የግቢው ነዋሪ የቦሰና የቅርጫ ሥጋ፣ ኮሚናሉ ውስጥ፣ ማለት የጋራ ማረጃና ማጠቢያ በሆነው ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ሳለ አንድ ሽንጥ ጠፍቶ ነበር። ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ አፍ የሌለው ድመት ነውና ጥፋቱ ለድመት ተሰጠ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ገመቺስ ነው፤ መሥሪያ ቤት የሚውል፣ ሰው የማይጠላው፣ ግን ነገር ሁሉ በወረቀት ካልሆነ የማይዋጥለት ሰው። ማስታወቂያው «ባለቤት የሌላቸው ድመቶች ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ከግቢ ይወገዳሉ፤ ባለቤት ያላቸው ምልክት ይደረግላቸው» ይላል። በማዳበሪያ ተከተው ከከተማ ውጪ ሊጣሉ ነው ማለት ነው። ከሊፋ ማስታወቂያውን ሁለቴ አነበበው። ቀና ሲል ሻምበል እግሩ ሥር ቁጭ ብሎ ጺሙን ያበጃል።

ማክሰኞ ወይዘሮ መቅደላዊት ሱቋ ድረስ መጡ። ከሊፋ ሻምበልን በእግሩ ገፍቶ ለደንበኛ ያስቀመጣትን ዱካ አቀረበላቸው። ጅራቱ ብቻ ውጪ ቀርታ ነበር።

«አቶ ከሊፋ፣ ለድመቴ መታወቂያ እንዲሰፉልኝ ነው የመጣሁት» አሉ።

«ለድመት መታወቂያ?» አለ ከሊፋ፣ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሰው መታወቂያ የሚይዘው የሚጠይቀው ስላለ ነው። ድመትን ማን ቁም ብሎ ይጠይቀዋል?»

«እነ ገመቺስ» አሉ ወይዘሮ መቅደላዊት።

ከሊፋ ሳያስበው ሳቀ። ግን ነገሩ ውስጡ ገባ። ድመት ይታሰራል እንዴ? ውሻ ይታሰራል፣ በግ ይታሰራል፤ ድመት ቤቱን ራሱ መርጦ የገባ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ አንገቱ ላይ ስም አይንጠለጠልበትም። አጥር ሲዘል ማሰሪያው ሽቦ ቢይዝበትስ? ታንቆ ይቀራል። ይሄንኑ ነገራቸው።

«እሱን እርስዎ ያውቁበታል» አሉ። «እኔ የማውቀው ወረቀት የሌለው ነገር እንደሚጠፋ ነው። ስንት ንጹሕ ሰው ዶሴው ጠፍቶ ሲንከራተት አይቻለሁ። ዳኛው ደግሞ ቀን ቀን የት እንደሚውል እግዜር ነው የሚያውቅ።» እንዲህ ሲሉ ዓይናቸው የሳንባ ፍርፋሪ የቀረበት ቆርቆሮ ክዳን ላይ አረፈ፤ ከሊፋ ላብ ላብ አለው። «የአንገቱን ልክ ማታ ለክቼ ላምጣ?»

«አያስፈልግም፣ አንድ ስንዝር ከሦስት ጣት ነው» አለ ከሊፋ። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የነቃው። «ማለቴ፣ ድመት ሁሉ ያው አንድ ነው መቼም።»

ወይዘሮ መቅደላዊት ያልሰሙ መሰሉ። ከቦርሳቸው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡት። «ውስጡ ይሄ ይግባ። ዝናብ እንዳያገኘው አድርገው ይስፉልኝ» ብለው ሄዱ። ጅራቷ በቀስታ ወደ ውስጥ ገባች።

ያን ቀንና ማግስቱን ከሊፋ ሌላ ሥራ አልሠራም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መጀመሪያ ሻምበል አንገት ላይ ተራ የጨርቅ ቁራጭ አሰረና ተቀምጦ ተመለከተው። ድመቱ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ሄደ፣ አንድ ጊዜ ተንከባለለ፣ ከዚያ ረስቶት ተኛ። ከማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት ሲገባ ድመቱን እንደማይከብደው፣ አንድ ጣት ብቻ ሲገባ ግን እንደሚያስለው ከሊፋ ተረዳ። ቀጥሎ ቀበቶው መሐል የሱሪ ላስቲክ ቀጠለበትና ከግድግዳው ምስማር ላይ አንጠልጥሎ ጎተተው፤ ላስቲኩ ተለጠጠ፣ ቀበቶው ከምስማሩ ወለቀ። ደጋግሞ ሞከረው። አጥር ቢይዘው ድመቱ አንገቱን አሾልኮ ያመልጣል። እንዲህ ያለ ነገር አገር ውስጥ የሠራ ሰው ይኖር ይሆን ብሎ ትንሽ ኮራ።

ወረቀቱ ግን አስጨነቀው። መዳፉ ላይ አስቀምጦ ስንት ጊዜ እንዳየው ቆጥሮትም አይዘልቀው። ምን ተጽፎበት ይሆን? ከስማቸው ሌላ ምን ይጻፍበታል፤ «የመቅደላዊት ንብረት»፣ በቃ። እሱ በገዛ እጁ፣ በገዛ ክሩ፣ ሻምበልን ለሌላ ሰው ሊያጸድቅ ነው። ጫፉን ገለጥ ቢያደርገው ይታይ ነበር። ሰፊ አያነብም። አላነበበም። ከአንድ አሮጌ ቦርሳ የተረፈ ቀይ ቆዳ መረጠ፣ ክሩን ሰም ቀባ፣ ወረቀቱን ጠቀለለና እጁ ራሷ የለመደችውን ስፌት አወረደችው። ስፌቱ እንዴት እንዳማረ ልነግራችሁ አልችልም። በአራቱም ጎን ድፍን።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ወይዘሮ መቅደላዊት መጥተው ወሰዱት። ገልበጥ አድርገው አይተው «ጥሩ ነው፣ ውኃ አያስገባም። ያገኘው ሰው ቀዶ ያነበዋል» አሉ። ዓርብ ጠዋት ሻምበል ቀዩን ነገር ደረቱ ላይ ጣል አድርጎ ሲመጣ፣ ይሄ ሻምበል ሳይሆን ኮሎኔል ነው አለ ከሊፋ። ደስ አለው፣ ከፋውም።

እኩለ ቀን ላይ ሱቁን ዘግቶ ጁምዓ ሄደ። ሲመለስ ግቢው ታምሷል። ኮሚናሉ በር ላይ ቦሰና ባልዲ ይዛ ቆማለች፣ ሴቶች ከብበዋታል።

«ጋሽ ከሊፋ፣ ጉድ አላዩም?» አለችው። «ድመት ላይ ክታብ አስረውበታል። በየቤታችን እየገባ መተት ሊያራግፍብን ነው። እኔስ ጠበል ረጭቼበት ጣራ ላይ ወጣልኝ። ማን እንዳሰረበት ብቻ ልወቅ።»

ከሊፋ ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ሻምበል እርጥብ ሆኖ፣ ጆሮውን አስተኝቶ ቁልቁል ያፈጣል። ደረቱ ላይ፣ በአራቱም ጎን የተደፈነ፣ በሁለት ቀለበት የተንጠለጠለ ቀይ ነገር። የአባቱን እጅ ያየ መሰለው። መታወቂያ ስፋ ተብሎ፣ የሚነበብ ነገር እንዳይነበብ አድርጎ ቀርቅሮት ኖሯል። አርባ ምናምን ዓመት የሬዲዮ ልባስ የሰፋች እጅ እንዴት እንዲህ ታደርጋለች? አደረገች።

«እኔ ነኝ የሰፋሁት» ማለት ነበረበት። ምላሱ ላይ መጥታ ነበር። ግን የሴቶቹን ፊት አየና ዋጣት። የወሎ ሰው፣ የክታብ ሰፊ ልጅ፣ ደግሞ ለድመት። ማን መታወቂያ ነው ቢለው ያምነዋል? ከነገ ጀምሮ ጫማ የሚያሠራው አይኖርም። ይሄ ዝምታ አላስከበረውም፣ እውነቱን መናገር ካለብኝ።

ወይዘሮ መቅደላዊት ዘንድ ወጥቶ አንኳኳ። ቴሌቪዥናቸው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ይጮኻል፣ እሱ ደግሞ ስልካቸውን አያውቅም። ቢያንኳኳ ቢያንኳኳ አልሰሙም። ሻምበልን አውርዶ ስፌቱን ሊያስተካክል ሳንባ አስቀምጦ ጠበቀው፤ አልወረደም። ማታ አማል ስትደውል «ምነው አባ፣ ድምፅህ?» አለችው። «ጉንፋን ነው» አላት።

ቅዳሜ ወሩ የገባበት ቀን፣ ልደታ ነበረች። ገመቺስ ቀኑን ሲመርጥ ይሄን አላሰበበትም፤ የግቢው እኩሌታ ልደታ ማርያም ለንግሥ ሄዷል፣ ወይዘሮ መቅደላዊትም አብረው። ቦሰና ብቻ በማለዳ ተሳልማ ተመልሳለች፤ ይሄ ነገር ያለ እሷ አይሆንማ። ሁለት የቀን ሠራተኞች ማዳበሪያ ይዘው ገቡና ግቢውን አሰሱት። አራት ሰዓት ሳይሞላ ሰባት ድመት ያዙ። ማዳበሪያዎቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረው ይንፈራገጣሉ፣ ድምፃቸው አንጀት ይበላል።

ስምንተኛው ሻምበል ነበር። ከጣራው ወርዶ ደረጃ ሥር ተወሽቋል። ከሠራተኞቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ ሊይዘው እጁን ሰደደና ቀዩን ነገር ሲያይ መለሰው። «እኛ ድመት ልንይዝ እንጂ ጣጣ ልንይዝ አልመጣንም» አለ።

«በእንጨት ግፉት» አለች ቦሰና።

ሌላኛው ሠራተኛ ረጅም አጣና አመጣ። ከሊፋ ሱቁ በር ላይ ነበር። አጣናው ደረጃ ሥር ሲገባ ሲያይ «ተው» አለ፣ ጮክ ብሎ አልነበረም። ድመቱ ግን ድምፁን ያውቃል። እንደ ጥይት ወጣ፣ በሰዎቹ እግር መሐል አልፎ ከሊፋ ሽርጥ ላይ ተሰቀለ። ከሊፋ አቀፈው። የድመቱ ልብ እጁ ላይ ትመታለች።

ገመቺስ ማስታወሻ ደብተሩን እንደያዘ ቀረበ። «ጋሽ ከሊፋ፣ የእርስዎ ነው እንዴ?» አለው።

አዎ ቢል አለቀ። ላስቲኩን ሳብ አድርጎ ያንን ቀይ ነገር ኪሱ ቢከተው፣ ድመቱ በሕዝብ ፊት የእሱ ሆነ ማለት ነው። ወረቀቱ እንደተሰፋ ይቀራል፣ ማንም አያነበውም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የተመኘው ነገር በአንዲት ቃል። ከሊፋ አፉን ከፈተ።

«የእኔ አይደለም» አለ። «የወይዘሮ መቅደላዊት ነው። አንገቱ ላይ ያለውም ክታብ አይደለም፣ መታወቂያ ነው። የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስፌቱን ነው ያበላሸሁት።»

«መታወቂያ ማለት የሚነበብ ነገር ነው እኮ ጋሽ ከሊፋ» አለ ገመቺስ፣ እንደ መከፋት ብሎ።

«ትናንት ለምን አልተናገሩም?» አለች ቦሰና።

«ፈርቼ ነው» አለ ከሊፋ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል።

ወደ መቀመጫው ሄዶ ወስፌውን አነሣ። በሕይወቱ የራሱን ስፌት ለማየት ብሎ ፈትቶ አያውቅም። አንዱን ጎን ፈልቀቅ አደረገና ወረቀቱን ሳይዘረጋ ለገመቺስ ሰጠው። እሱ አያነብም፤ እስከዚህ ድረስ ነው የሚችለው። ድመቱን እንደታቀፈ፣ የወይዘሮ መቅደላዊት ስም ሲጠራና ሻምበል ሲሄድበት ለመስማት ቆመ።

ገመቺስ ወረቀቱን ዘርግቶ ፊቱ ፈካ። በሥርዓቱ የተሞላ ፎርም ነው። «የድመት መታወቂያ» ብሎ ጀመረ። «ስም፣ ዳኛው። ፆታ፣ ወንድ። ልዩ ምልክት፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የለም። በአደጋ ጊዜ ተጠሪ... ስልክ ቁጥር አለ። ቆይ እስቲ፣ ይረጋገጥ።» ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

የከሊፋ ሽርጥ ኪስ ጮኸ።

አማል ናት፣ በማይመች ሰዓት ደወለች ብሎ፣ ድመቱን በአንድ እጁ ይዞ አነሣው። «ሃሎ» አለ። «ሃሎ» አለ ገመቺስ፣ ከፊቱም ከጆሮውም። ሁለቱ ተያዩ። ከሊፋ አሁንም አልገባውም ነበር። ገመቺስ ስልኩን ዘጋና የቀረውን ቀስ ብሎ አነበበ።

«ተጠሪ፣ አቶ ከሊፋ፣ ቆዳ ሰፊ። መኖሪያ፣ ማታ ሦስተኛ ፎቅ መቅደላዊት ዘንድ፣ ቀን አቶ ከሊፋ ሱቅ። ማሳሰቢያ፣ ቀን ቀን ሻምበል ብለው ሲጠሩት ይመጣል።»

ከሊፋ ዱካዋ ላይ ተቀመጠ። ሰው ምን ይለኛል ሳይል አለቀሰ፣ እንባውንም በድመቱ ጀርባ ጠረገው። ቦሰና ቀረብ ብላ ድመቱን አየችና «ጠበሉ እንኳን አይጎዳውም» አለች። ይቅርታዋ ይቺ ናት እንግዲህ፣ ከእሷ ይሄም ብዙ ነው።

የቀሩት ሰባቱስ ለምትሉ፣ ነገሩን የሰሙ ሰዎች ከየፎቁ ወርደው አራቱን የእኔ ነው እያሉ ከማዳበሪያ አወጡ፤ ገመቺስም እስኪሰፋላቸው ድረስ ስማቸውን መዘገበ። ሦስቱን የእኔ ነው ያለ አልተገኘም፣ ተወሰዱ። ሠራተኞቹ ሲወጡ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም።

ወይዘሮ መቅደላዊት ስድስት ሰዓት አልፎ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከሊፋ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ሻምበልን አልደበቀውም። «ያውቁ ኖሯል» አላቸው ጮክ ብሎ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ከእጄ የወጣ ዶሴ የት እንደሚውል ሳላውቅ ልቀር ነው?» አሉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሳንባ ሳንባ እየሸተተ ነው የሚገባው። ደግሞ ጅራቱን በደንብ ይደብቁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም?»

«ተጠሪ ብለው ግን እኔን...» አለና ቀረ።

«እኔ ስልክ ቢደወል አልሰማም» አሉ ወይዘሮ መቅደላዊት። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ደግሞ ሌላ ማን አለኝ፣ አቶ ከሊፋ።» እንደ ቀላል ነገር ነው ያሉት፣ ፎርም ላይ ባዶ ቦታ እንደሚሞላ ሰው።

ሰኞ ዕለት ከሊፋ አዲስ ቀበቶ ሰፋ። ወረቀቱ የሚታይበት በኩል ከድሮ የሞባይል ማኅደር የቆረጠው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ገባበት። አሁን የፈለገ ያነበዋል። እሱም ሻምበል በተኛ ቁጥር መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ይልና፣ እንዳዲስ፣ ከላይ እስከ ታች ያነበዋል።

ወሩ ሳያልቅም ወረዳ ሄደ። መስኮቱ ጋ ያችው የዱሮዋ ልጅ ነበረች።

«ተጠሪዬን ልቀይር ነው» አላት። «ነፊሳ አርፋለች።»

«ነፍስ ይማር አባቴ» አለች ልጅቷ። «አሁን ማን ይባል?»

«ወይዘሮ መቅደላዊት። ስልክ አይሰሙም፣ በር ነው የሚንኳኳው፤ በደንብ ይንኳኳ ብለሽ ጻፊ።»

ልጅቷ ጻፈችና ቀና አለች። «ዝምድናችሁ ምንድን ነው?»

ከሊፋ አሰበ። ከልቡ አሰበ፣ ከኋላው የተሰለፈው ሰው እስኪያጉረመርም ድረስ።

«በድመት ነው የምንዛመደው» አላት።

ልጅቷ አልሳቀችም። ብዕሯን ይዛ ትንሽ አየችውና እንዳለ ጻፈችው።